«ተርን» እና «ቱዊስት» በስሎቫክኛ፦ ለየትኛው መዞር የትኛው ቃል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ስሎቫኪያ ነው። ስሎቫክኛ የምማረው ከእንግሊዝኛ–ስሎቫክኛ መዝገበ ቃላት ነው። ‹ተርን› ብዬ ስፈልግ ከአሥር የማያንስ ቃል ይደረደርልኛል፤ ‹ቱዊስት› ስል ደግሞ ግማሹ ያው ተመልሶ ይመጣል። ሐኪም ቤት እግሬ ወለም እንዳለኝ ልናገር ፈልጌ መጀመሪያ ላይ የተጻፈውን ‹ክሩቲት› ብጠቀም ነርሷ አልገባትም። ሥራ ቦታዬ ብሎን ማጥበቅና መፍታት አለ፤ መንጃ ፈቃድም ልፈተን ነው። የትኛው ቃል ለየትኛው መዞር እንደሆነ በምን ልለይ? ደግሞም በስልክ የኢሜይል አድራሻ ሲነግሩኝ ‹ዛቪናች› የሚል ቃል ሰማሁ፤ መዝገበ ቃላቱ የዓሣ ምግብ ነው ይላል። ምን ማለት ነው?»

ምላሽ፦

መዝገበ ቃላቱ አልዋሸዎትም። ችግሩ መሐል ላይ የቆመው እንግሊዝኛ ነው። «ተርን» ቁልፍ ማዞርን፣ ጥግ ላይ መታጠፍን፣ ሥጋ መገልበጥን፣ መብራት ማብራትን፣ ወረፋ ላይ ተራ መድረስን ሁሉ በአንድ ከረጢት ይዟል። ስሎቫክኛ ለእያንዳንዱ የራሱ ቃል አለው። አማርኛም አለው፤ ትልቁ ነገር ይኸ ነው። እኛ መብራት እናበራለን፣ ውሃ እንከፍታለን፣ ሥጋ እንገለብጣለን፣ መንገድ ላይ እንታጠፋለን። ስሎቫኩም እንደዚሁ ለያይቶ ነው የሚናገረው። ስለዚህ በመዞርና በመጠምዘዝ ጉዳይ እንግሊዝኛውን ዘልለው ከአማርኛው ግሥ በቀጥታ ወደ ስሎቫክኛው ይሂዱ። «አሁን የሆነው ነገር በአማርኛ ምን ይባላል?» ብለው ራስዎን ከጠየቁ ከፊትዎ የሚቀረው ቃል አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አይበልጥም።

ስለ ድምፁ ጥቂት ላስቀድም። የስሎቫክኛውን ቃል እዚህ በፊደላችን የጻፍኩት ለጆሮ እንዲቀርብ ነው፤ ፊደላችን የማይዛቸው ነገሮች ግን አሉ። አንዱ የአናባቢ ርዝመት ነው። እኛ ተነባቢ እናጠብቃለን እንጂ አናባቢ አናስረዝምም፤ ስሎቫኮች ግን በርዝመቱ ትርጉም ይለያሉ። «ክሩቲ» ብዬ የምጽፈውን ቃል «ሩ»ን ሳብ አድርገው «ቲ»ን ቢያሳጥሩት «ይጠመዝዛል» ይሆናል፤ «ሩ»ን አሳጥረው «ቲ»ን ቢስቡት «ጨካኝ» ይሆናል። ሌላው በግሥ መድረሻ ላይ ያለው «ት» ነው፤ ምላስ ወደ ላንቃ ተጠግቶ የሚያወጣው፣ ከ«ት» ለስለስ ያለ ድምፅ ነው። «ር» ደግሞ ያለ አናባቢ ብቻዋን ቀለም ትሆናለች፤ «ቭርት» በሚለው ሥር ውስጥ አናባቢ የለም። ይህኛው ሳድስ ለለመደ አፍ አይከብድም። ድምፁ ጠንከር የሚለው ሁልጊዜ በቃሉ የመጀመሪያ ቀለም ላይ ነው።

ዋናዎቹ ግሦች ሦስት ናቸው፤ ቶቺት፣ ክሩቲት እና ኦብራቲት። የቀሩት አብዛኞቹ ወይ ከእነዚህ የተወለዱ ናቸው ወይ ጠባብ ሥራ ያላቸው ናቸው።

«ቶቺት» ማሾርና ማሽከርከር ነው፤ ነገሩ ቅርጹን ሳይለውጥ በዛቢያው ዙሪያ ደጋግሞ ሲዞር። እንግሊዝኛው እዚህ «ስፒን» ወይም «ተርን» ይላል። በበጋ ከየሱቁ ደጃፍ «ቶቼና ዝምርዝሊና» የሚል ጽሑፍ ካዩ ማሽኑ እያዞረ በጥቅልል የሚያወጣው ለስላሳ አይስክሬም ነው። ፊልም መቅረጽም «ቶቺት» ይባላል፤ የድሮው ካሜራ በእጅ ይዞር ነበርና። «ክሩቲት» ግን ኃይል አለበት። እጅ ጨብጦ ይጠመዝዛል፤ የተያዘው ነገር ቅርጹ ሊለወጥም ይችላል። ሽቦ ሲጠመዘዝ፣ መሪ ሲጠመዘዝ፣ ፔዳል ሲመታ ክሩቲት ነው። በሁለቱ መካከል የታጠረ ድንበር የለም፤ ጎማ «ቶቺ ሳ» ቢባልም «ክሩቲ ሳ» ቢባልም ያስኬዳል። መለየቱ የሚጠቅመው ራስ ላይ ሲደርሱ ነው። «ቶቺ ሳ ሚ ህላቫ» ማለት ራሴን ያዞረኛል ማለት ነው፤ ቃል በቃልም «ራሴ ይዞርብኛል» ይላል፣ ከእኛው ጋር አንድ ነው። «ክሩቲም ህላቮው» ካሉ ግን ራሴን እነቀንቃለሁ፣ አልስማማም ወይም አላምንም ብለዋል። ሐኪም ፊት ይህን ማደባለቅ አይገባም።

«ኦብራቲት» መገልበጥ ነው። ዙሩ ግማሽ ብቻ ነው፤ ላዩ ወደ ታች፣ ፊቱ ወደ ጀርባ። ምጣድ ላይ ያለ ሥጋ፣ ፍራሽ፣ ገጽ ይገለበጣል። ልብስ ውስጡ ወደ ውጭ ሲወጣ «ኦብራቲት ናሩቢ» ነው። «ሳ» ታክሎበት «ና» የሚለውን መስተዋድድ ሲያስከትል ደግሞ ወደ አንድ ሰው ወይም መሥሪያ ቤት ዞሮ እርዳታ መጠየቅ ይሆናል፤ በየማስታወቂያው የሚያዩት «ኦብራትቴ ሳ ና…» ማለት «ወደ… ያመልክቱ» ነው። የደመወዝ ወይም የግብር ወረቀት ላይ «ኦብራት» የሚል ቃል ካጋጠመዎት የንግዱ ጠቅላላ ሽያጭ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ ላይ ደርሰናል፤ ጥንዶቹና «ሳ»። በስሎቫክኛ አብዛኛው ግሥ ጥንድ አለው። አንዱ ለሚቀጥል ወይም ለሚደጋገም ድርጊት፣ ሌላው አንድ ጊዜ ተሠርቶ ለሚያልቅ ድርጊት ነው። ኦታቻት እያዞሩ መቆየት ነው፣ ኦቶቺት አንዴ አዙሮ መጨረስ። ኦብራትሳት እያገላበጡ መቆየት ነው፣ ኦብራቲት አንዴ መገልበጥ። መዘዙ ጊዜው ላይ ይመጣል። የሚያልቀው ግሥ በአሁን ጊዜ ቅርጽ ሲነገር ትርጉሙ ወደፊት ነው። «ኦቶቺም» ማለት «ወደፊት አዞራለሁ» እንጂ «አሁን እያዞርኩ ነው» አይደለም፤ ለአሁኑ «ኦታቻም» ይበሉ። የእኛ «አዞራለሁ» ሁለቱንም ስለሚሸከም አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ይሳሳታል። ባልደረባዎ «ምን እየሠራህ ነው?» ሲልዎት «ኦቶቺም» ቢሉት ገና አልጀመረም ብሎ ያስባል።

«ሳ» ግን ለእኛ ስጦታ ነው። እንግሊዝኛው «ተርን» ሲል ሰውየው ራሱ ዞረ ወይስ ሌላ ነገር አዞረ የሚለውን ከዐረፍተ ነገሩ እንገምታለን። ስሎቫክኛ ግን «ሳ»ን አስገብቶ ይለየዋል፤ አማርኛ «ተ»ን አስገብቶ እንደሚለየው። ስክሩቲት ጠመዘዘ፣ ስክሩቲት ሳ ተጠመዘዘ። ኦብራቲት ገለበጠ፣ ኦብራቲት ሳ ተገለበጠ። ኮቱላት አንከባለለ፣ ኮቱላት ሳ ተንከባለለ። ሁልጊዜ አይገጥምም፤ እኛ ያለ «ተ» «ዞረ» የምንለውን እነሱ በ«ሳ» «ኦቶቺት ሳ» ይሉታል። ቢሆንም «ሳ» ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም ብለው ሲጠራጠሩ የአማርኛውን ግሥ ቢያዩት አብዛኛውን ጊዜ ይነግርዎታል። አንድ ልዩነት ይያዙ። የእኛ «ተ» ከግሡ ጋር ተጣብቃ ትኖራለች፤ «ሳ» ግን በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ሁለተኛውን ቦታ ትፈልጋለች። ምድር በዛቢያዋ ትሽከረከራለች ለማለት «ዜም ሳ ኦታቻ» ይባላል፤ «ሳ» ከባለቤቱ ቀጥላ፣ ከግሡ ቀድማ። (ፀሐይን መዞሯ ግን «ኦብየሃት» ነው፤ ያለ «ሳ»፣ በሌላ ግሥ። እኛም አንዱን መሽከርከር፣ ሌላውን መዞር እንደምንለው።)

አንድ የሰዋስው ነገር ልጨምርና ወደ ጉዳይዎ ልሂድ። የሰውነት ክፍልን ወይም በእጅ የተያዘን መሣሪያ ሲያንቀሳቅሱ ስሎቫክኛ «በ» የምንለውን የመሣሪያ ሙያ ይጠቀማል። ተባዕት ስም «ኦም» ይጨምራል፣ አንስታይ ስም «ኦው»። ስለዚህ «ክሩቲት ቮላንቶም» መሪ ማዞር፣ «ኦቶቺት ክሉቾም» ቁልፍ ማዞር፣ «ክሩቲት ህላቮው» ራስ መነቅነቅ፣ «ቭርትየት ኽቮስቶም» ውሻ ጭራውን ሲቆላ ነው። በ«ራሱን»፣ በ«ጭራውን» ልማዳችን ቀጥተኛ ተሳቢ ካደረጉት ይገባቸዋል፣ ግን ወዲያው የውጭ ሰው ንግግር መሆኑ ይታወቃል።

ሐኪም ቤት የተከሰተው እንዲህ ነው። «ክሩቲት»ን ሲጠቀሙ ነርሷ የሰማችው እግርዎን አሁን ሆን ብለው እየጠመዘዙ እንደሆነ ነው። ለወለምታ ቃሉ «ፖድቭርትኑት» ነው፤ «ቪቭርትኑት»ም ይባላል። ወንድ ከሆኑ «ፖድቭርቶል ሶም ሲ ችሌኖክ»፣ ሴት ከሆኑ «ፖድቭርትላ ሶም ሲ ችሌኖክ» ይበሉ። ችሌኖክ ቁርጭምጭሚት ነው። እዚህ «ሳ» ሳይሆን «ሲ» መግባቷን ልብ ይበሉ። «በራሴ ላይ» እንደማለት ናት፤ የሰውነት ክፍል ሲጎዳ «የእኔ» የሚለውን ቃል ተክታ ትቆማለች። ወለምታን ከጎረቤቶቹ ይለዩት፤ ምክንያቱም ምርመራውም ሕክምናውም ይለያያል። ውልቃት «ቪክልቢት» ነው፣ ስብራት «ዝሎሚት»። በስም ሲጠራ ወለምታ ፖድቭርትኑትዬ፣ ውልቃት ቪክልበንዬ፣ ስብራት ዝሎመኒና ነው። ማበጡን ለመንገር «ማም ኦፑኽኑቲ ችሌኖክ» ይበቃል። ምርመራ ክፍል ውስጥ ደግሞ የሚሰሙት ትእዛዝ «ኦቶችቴ ሳ» (ይዙሩ) ወይም «ኦብራትቴ ሳ» (ይገልበጡ) ነው። ተከትሎ የሚመጣው ወሳኙ ነው፤ «ና ቦክ» በጎን፣ «ና ብሩኾ» በሆድ፣ «ና ኽርባት» በጀርባ።

ከሐኪም በር ውጭም «ተርን» አለ፤ ግን መዞር የለበትም። ወረፋ ላይ «ተራዬ ነው» ለማለት «ሶም ና ራዴ» ነው። «ራድ» ረድፍ፣ ተራ ነው፤ ልክ እንደ እኛው። ወደ መጠበቂያ ክፍል ሲገቡ የሚጠየቀው «ክቶ የ ፖስሌድኒ?» ማለት «መጨረሻው ማነው?» ነው። የሚመልስልዎትን ሰው ይያዙት፤ ተራዎ ከእሱ ቀጥሎ ነው። የመብራትና የውሃውም ነገር እንዲሁ ነው። መብራት ማጥፋት «ዝሃስኑት» ነው፤ ዕቃን በማብሪያ ማጥፊያው ማስነሳት «ዛፕኑት»፣ ማጥፋት «ቪፕኑት»፤ ውሃ መልቀቅ «ፑስቲት»፣ መዝጋት «ዛቭርየት»። በአንዱም ውስጥ «ዞረ» የለም።

ለመንጃ ፈቃዱ የሚያስፈልግዎት ልዩነት አንድ ነው፤ ግን ፈተናውን ሊያስጥል የሚችል ነው። እንግሊዝኛ–ስሎቫክኛው «ተርኒንግ» ብለው ሲፈልጉ «ኦድቦቾቫንዬ»ንም «ኦታቻንዬ»ንም ይሰጥዎታል። የመጀመሪያው ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ መታጠፍ ነው፤ «ቦክ» ከሚለው ቃል፣ ጎን ከማለት የመጣ። ሁለተኛው መኪናውን አዙሮ በመጡበት አቅጣጫ መመለስ ነው። «ዛካዝ ኦታቻንያ» ዞሮ መመለስ ክልክል ነው ይላል፤ መታጠፍን ራሱን አይከለክልም። «ዛካዝ ኦድቦቾቫንያ ቭላቮ» ግን ወደ ግራ መታጠፍን ይከለክላል። በአፍ አቅጣጫ ሲነግሩዎት «ኦድቦቺት ዶላቫ» (ወደ ግራ መታጠፍ) ወይም «ዛህኑት ዛ ሮህ» (ጥጉን መታጠፍ) ይላሉ። «ዛህኑት» ከማጠፍ፣ ከማጉበጥ ሥር ነው፤ «ታጠፍ» ከምንለው ጋር አንድ አስተሳሰብ ነው። አደባባይ «ክሩሆቪ ኦብያዝድ» ነው፤ «ክሩህ» ክብ ማለት ነው። መንገዱ ራሱ የሚታጠፍበት ኩርባ «ዛክሩታ» ይባላል። ጠመዝማዛ መንገድ ደግሞ «ክሉካቲ ሳ» ይባላል፤ ሹል ሹል እያለ የሚጠመዘዘው። ለስለስ ብሎ ለሚታጠፈው፣ በተለይ ለወንዝ፣ «ቪንዬ ሳ» ይመረጣል። በስሎቫኪያና በፖላንድ ድንበር ላይ በፒየኒኒ ገደሎች መካከል የሚሄደውን የዱናየትስ ወንዝ ያየ ሰው ሁለቱም ግሦች ለምን እንደሚያስፈልጉ ይገባዋል።

ወደ ሥራ ቦታዎ እንምጣ፤ እዚህ ለተግባር የሚሆን ብዙ ነገር አለ። እኛ ቪቴና ብሎን ብለን የምንለየውን ስሎቫክኛ ሁለቱንም «ስክሩትካ» ይለዋል፤ ከ«ክሩቲት» የተወለደ ነው፣ «የሚጠመዘዝ» እንደማለት። የእንጨቱን መለየት ሲያስፈልግ «ስክሩትካ ዶ ድሬቫ» ይባላል። ካቻቪቴ «ስክሩትኮቫች» ነው፣ ዳዶ «ማቲትሳ»፣ መፍቻ «ክሉች»። ክሉች የበር ቁልፍም ነው፤ ስለዚህ «ክሉች ስጠኝ» ያለዎት ሰው የቱን እንደሚፈልግ ከሁኔታው ይረዱ። የማጥበቂያ ኃይሉን የሚለካው መፍቻ «ሞመንቶቪ ክሉች» ነው፤ የሚለካው የጠመዛ ኃይል፣ በእንግሊዝኛው ቶርክ፣ «ክሩቲያትሲ ሞመንት» ይባላል፤ በኒውተን ሜትር ይነበባል።

ግሡ «ስክሩትኮቫት» ነው፤ ሥራውን የሚናገሩት ግን ፊቱ ላይ የሚገጠሙት ቅጥያዎች ናቸው። «ዛ» ወደ ውስጥ ነው፣ ዛስክሩትኮቫት ጠምዝዞ ማስገባት። «ቪ» ወደ ውጭ ነው፣ ቪስክሩትኮቫት ጠምዝዞ ማውጣት። «ኦድ» ከላይ ማንሳት ነው፣ ኦድስክሩትኮቫት የጠርሙስ ክዳን ወይም ዳዶ መፍታት። «ፕሪ» ማያያዝ ነው፣ ፕሪስክሩትኮቫት አንዱን በሌላው ላይ በብሎን ማሰር። እነዚህን አራት ቅጥያዎች በደንብ ከያዙ በሌሎች ግሦችም ላይ ያገኟቸዋል። ብሎኑ ከገባ በኋላ ማጥበቅ ግን «ኡቲያህኑት» ነው፤ ቃሉ መሳብ ከሚለው ይመጣል። ማላላት ደግሞ «ፖቮሊት» ነው። ይህን ቃል ሳያውቁት ያውቁታል። ለውጭ ዜጋ የሚሰጠው የመኖሪያ ፈቃድ «ፖቮለንዬ ና ፖቢት» የሚባለው ከዚሁ ግሥ ነው፤ ፖቮሊት «ፈቀደ»ም «አላላ»ም ነውና።

ማላላትና መፍታት አንድ አይደሉም፤ ፋብሪካ ውስጥም ጋራዥ ውስጥም በቅደም ተከተል ይነገራሉ። ጎማ ሲቀየር መጀመሪያ ጎማው መሬት እንደረገጠ ብሎኖቹ ይላላሉ፤ ፖቮሊት። ከዚያ መኪናው በክሪክ ይነሣል፣ ብሎኖቹ ይፈታሉ፤ ኦድስክሩትኮቫት። «ፖቮሊት» ሲባሉ ጨርሰው ቢፈቱት ወይም መኪናውን አስቀድመው ቢያነሱት ጎማው ብሎኑን ተከትሎ ይዞራል፣ መኪናውም ከክሪኩ ሊወርድ ይችላል። ሲመለስ ብሎኖቹ ፊት ለፊት ያሉት ተራ በተራ ይጠብቃሉ፤ «ክሪዦም» ማለት በመስቀል ቅርጽ ነው። ማጥበቂያው በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ነው፣ «ፍ ስሜሬ ሆዲኖቪኽ ሩቺችየክ»። ማላላቱ በተቃራኒው ሲሆን «ፕሮቲ ስሜሩ» ይላሉ። «ላቪ ዛቪት» የተባለ ግን የግራ ጥርስ ያለው ነውና ተገላቢጦሽ ነው፤ የብስክሌት የግራ ፔዳልና የማብሰያ ጋዝ ሲሊንደር ማያያዣ እንዲህ ናቸው። የብሎን ጥርስ «ዛቪት» ይባላል። ከመጠን በላይ ጠብቆ ወይም ጠምሞ ገብቶ ጥርሱ ሲበላ «ስትርህኑቲ ዛቪት» ነው። ብሎኑ ሲጠመዘዝ ኃይል ሳይጠይቅ ዝም ብሎ ከዞረ ይህን ቃል ለአለቃዎ ይናገሩ፤ አይደብቁት።

መሰርሰሪያ «ቭርታችካ» ነው፤ ወለምታውን ከሰጠን «ቭርት» ከሚለው ሥር። ከዚሁ ሥር ሄሊኮፕተር «ቭርቱልኒክ» ተባለ። አርፎ መቀመጥ ያቃተው ሕፃን «ኔቭርት ሳ!» ይባላል፤ «አትቁነጥነጥ!» ማለት ነው። «ተመለሰ» የሚለው «ቭራቲት ሳ»ም ዘመዱ ነው።

የክሩ ዓለም ለአማርኛ ተናጋሪ እጅግ የሚመች ነው፤ ቃላቱ አንድ ለአንድ ይገጥማሉ። እንግሊዝኛ «ስፒን» ብሎ ጥጥ መፍተልንም እንዝርት ማሾርንም አንድ ያደርጋል። ስሎቫክኛ ግን መፍተልን «ፕሪያስት» ይለዋል፣ እንዝርትን «ቭሬቴኖ»፣ መፍተያ መንኮራኩርን «ኮሎቭራት»። ድመት ደስ ብሏት ስታንኮራፋም «ማችካ ፕራድዬ» ይላሉ፤ ድመቷ ትፈትላለች። የተፈተለው ክር የሚጠቀለልበት ልቃቂት «ክልብኮ» ነው። ድመት ተጠቅልላ ስትተኛ «ስቶቺላ ሳ ዶ ክልብካ» ይላሉ፤ ልቃቂት ሆነች። በልቃቂቱ ላይ መጠምጠም «ናሞታት» ወይም «ናቪኑት» ነው። ውሉ እንደጠፋ ልቃቂት ሲተበተብ «ዛሞታት ሳ»፣ ሲፈታ «ሮዝሞታት»። ሲባጎ «ሞቱዝ» ይባላል። ሹሩባ መጎንጎን «ፕልየስት» ነው፣ ጉንጉኑ «ቭርኮች»። ሹራብ መሥራትም ያው «ፕልየስት» ነው። እንግሊዝኛው «ቱዊስት» መሠረቱ «ሁለት» የሚለው ቃል ነው፤ መንታ ማለት ከሆነው «ቱዊን» እና ሲባጎ ማለት ከሆነው «ቱዋይን» ጋር ዘመድ ነው። ሁለት ክር እርስ በርስ መግመድ ነበር ማለት ነው። በጽሑፍ አንድ ሆኖ በንባብ የሚለያየውንም ይጠንቀቁ። ያው ቃል «ዊንድ» ሲነበብ ነፋስ ነው፣ «ዋይንድ» ሲነበብ መጠምጠም ነው። መዝገበ ቃላቱ ሁለቱን በአንድ መስመር ካስቀመጣቸው «ናቪኑት» የሁለተኛው ነው።

ልብስ ላይ «ቱዊስት» አይሠራም። መጭመቅ «ዥሚካት»፣ ጨምቆ መጨረስ «ቪዥሚካት» ነው። በልብስ ምልክት ላይ «ኔዥሚካት» ካዩ አይጨመቅ ማለት ነው። በማጠቢያ ማሽን ላይ እንግሊዝኛው «ስፒን» ያለውን «ዥሚካንዬ» ወይም «ኦትስትሬድዮቫንዬ» ብለው ይጽፉታል፤ ሁለተኛው «ከመሐል ማራቅ» ማለት ነው፣ ውሃው በሽክርክሪት ኃይል ከልብሱ ስለሚወጣ። ከጎኑ 800፣ 1000 ወይም 1200 የተጻፈው በደቂቃ የሚዞረው ዙር ነው፤ «ኦታችኪ» ይባላል። የመኪና ሞተር ዙርም ይኸው ቃል ነው።

ማዕድ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛው «ሮል» ያለውን ሦስት ቦታ ይክፈሉት። ሊጥ በመዳመጫ መዳመጥ «ቫልካት» ነው። በመዳፍ እያሹ ማድቦልቦል ወይም ማሾል «ሹላት» ነው፤ ከዚህም «ሹላንትሴ» የሚባለው ከድንች ሊጥ በመዳፍ እየሾለ የሚሠራው ምግብ ስም ተገኘ። ጠቅልሎ ጥቅልል ማድረግ «ዝቪኑት» ነው፤ ፍራፍሬ ተጠቅልሎበት የሚጋገረው «ዛቪን» ይባላል፣ በቅጠል ወይም በሊጥ የተጠቀለለው ደግሞ «ዛቪቶክ»። የብሎን ጥርስ «ዛቪት»፣ ጣፋጩ «ዛቪን»፤ በአንድ ፊደል ይለያያሉ፣ ሁለቱም ከመጠምጠም ሥር ናቸው።

ነገር ሲጠመዘዝ «ፕሬክሩትሳት» ይባላል። «ፕሬክሩትሳ ሞዬ ስሎቫ» ማለት ቃሌን ያጣምማል ማለት ነው። በቀጥታ አልመልስ ያለ ሰው «ቪክሩትሳ ሳ» ይባላል፤ ተጠማዝዞ ያመልጣል። ዙሪያ ጥምጥም የሚናገረውን ደግሞ በትኩስ ገንፎ ዙሪያ ይዞራል ይሉታል፤ «ኾዲ ኦኮሎ ሆሩትሴይ ካሼ»። የታሪክ ድንገተኛ መገልበጥ፣ እንግሊዝኛው «ቱዊስት» የሚለው፣ «ዝቭራት» ነው።

«ዛቪናች»ም ከዚሁ የመጠምጠም ቤተሰብ ነው። መጀመሪያ በሆምጣጤ ተዘፍዝፎ በሽንኩርት ላይ የተጠቀለለ የሄሪንግ ዓሣ ነው፤ መዝገበ ቃላትዎ ትክክል ነው። ዓሣው ሲጠቀለል ከጎን የሚታየው ቅርጽ በኢሜይል አድራሻ መካከል ያለችውን፣ ጅራቷ የተጠቀለለባትን ምልክት ስለሚመስል ስሙ ለእሷ ተሰጠ፤ ቼኮችም እንዲሁ ይሏታል። ስለዚህ በስልክ አድራሻ ሲነግሩዎት «ዛቪናች» ሲሉ ምልክቷን ይጻፉ። ነጥብ «ቦትካ»፣ ሰረዝ «ፖምልችካ»፣ የታች ሰረዝ «ፖድችያርኮቭኒክ» ነው።